ባንኩ ከኦዲተሩ ቀድሞ ያውቃል፦ ስለ ቀጣይነት ማስጠንቀቂያ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የሒሳብ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች በቴሌግራም እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ችግር ውስጥ የገቡ ድርጅቶችን የሚገድላቸው ኪሳራቸው ሳይሆን የውጭ ኦዲተሩ በሪፖርቱ ላይ የሚያሰፍረው የቀጣይነት ማስጠንቀቂያ፣ በተለምዶ «ጎይንግ ኮንሰርን» የምንለው አንቀጽ ነው ይላል። በሰንጋ ተራና በሜክሲኮ ዙሪያ ባሉ ባንኮች የብድር ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ተስማምተውበት ሲያስተላልፉት ይታያል። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ደመወዙ የሚቋረጥበት ሠራተኛና ቤቱ ለሐራጅ የሚቀርብበት ባለንብረት አሳስቧቸዋል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ትክክል አይደለም። ተግባራዊ ቢደረግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ያዘኑላቸውን ድርጅቶች ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው የክርክሩ ይዘት ይህ ነው። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያው ራሱን በራሱ እውነት ያደርጋል፤ ባንኩ አንቀጹን አይቶ ብድር ይከለክላል፣ አቅራቢው ዱቤ ያቆማል፣ ድርጅቱም አለዚያ ከማይወድቅበት ጉድጓድ ይገባል። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈባቸው ድርጅቶች አብዛኞቹ በቀጣዩ ዓመት ስለማይዘጉ ትንበያው የተሳሳተ ነው። ሦስተኛ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀና በመሀል ከተማው ብዙ ንግድ ቦታ ከለቀቀ ወዲህ እርግጠኛ የሆነ ድርጅት ስለሌለ ማስጠንቀቂያው ለጥቂት ዓመታት መታገድ አለበት። አራተኛ፣ ኦዲተሩ ስጋቱን ለባንኩና ለባለቤቶቹ በምስጢር ቢነግር በቂ ነው። አምስተኛ፣ ኦዲተሮች ይህን አንቀጽ የሚጽፉት ራሳቸውን ከተጠያቂነት ለመከላከል እንጂ ለአንባቢው ብለው አይደለም።

ከአምስቱ ውስጥ ሁለቱ ግማሽ እውነት አላቸው፤ በየቦታቸው እመለስባቸዋለሁ። አስቀድሞ ግን ጽሑፉ በመግቢያው ላይ የሠራው አንድ ስህተት መታረም አለበት፤ የቀረው ክርክር ሁሉ የተገነባው በዚያ ላይ ነውና።

ጸሐፊው ማስጠንቀቂያውን «የኦዲተሩ አሉታዊ አስተያየት» እያሉ ይጠሩታል። አይደለም። የሒሳብ መግለጫ የሚዘጋጀው ድርጅቱ ነገም ይሠራል በሚል ታሳቢ ነው። ማሽኑ በተገዛበት ዋጋ ላይ እርጅና እየተቀነሰለት የሚመዘገበው፣ ነገ በሐራጅ ቢወጣ በሚያወጣው ዋጋ የማይመዘገበው በዚህ ታሳቢ ምክንያት ነው። ታሳቢው ይሠራ እንደሆነ የመመርመር ግዴታ በዓለም አቀፍ የሒሳብ ስታንዳርድ ቁጥር 1 መሠረት የሥራ አመራሩ ነው፤ ከሒሳብ መዝጊያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 12 ወር ወደፊት ማየት አለበት። ኦዲተሩ በኦዲት ስታንዳርድ 570 መሠረት ያንን ምርመራ ይፈትሻል። ጉልህ አለመረጋገጥ ካለና ሥራ አመራሩ ከሒሳቡ ጋር በሚያያዘው ማብራሪያ ላይ በሚገባ ከገለጸው፣ ኦዲተሩ ነቀፌታ የሌለበት፣ ማለትም ሒሳቡ በትክክል ቀርቧል የሚል፣ አስተያየት ይሰጣል፤ ከአስተያየቱ ለብቻው በተለየ ርዕስም የአንባቢውን ዓይን ወደዚያ ማብራሪያ ይመራል። ነቀፌታ የሚመጣው ሥራ አመራሩ ችግሩን ሲደብቅ ወይም አጉድሎ ሲገልጽ ነው። ተቃራኒ አስተያየት የሚመጣው ደግሞ ድርጅቱ በእርግጥ ሊዘጋ እየተቃረበ ሒሳቡን እንደሚቀጥል አድርጎ ሲያቀርብ ነው። ሥራ አመራሩ ምርመራውን አልሠራም ብሎ እምቢ ካለ ኦዲተሩ አስተያየት መስጠት እስከሚያቅተው ሊደርስ ይችላል። እነዚህን አራት ነገሮች አንድ አድርጎ «አሉታዊ» ማለት ብቻውን ጉዳት አለው፤ አንድ የብድር ባለሙያ ነቀፌታ የሌለበትን ሪፖርት እንደ ነቀፌታ ቆጥሮ ፋይሉን ሊመልሰው ይችላል። ያ የአንቀጹ ጥፋት ሳይሆን የአነባበብ ጥፋት ነው።

«ማስጠንቀቂያው ነው የገደለው»

ይህ የጽሑፉ ዋና ክርክር ነው፤ ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ እንየው።

አብዛኛው የአገራችን ድርጅት ሒሳቡን ሰኔ 30 ይዘጋል። በሐምሌና በነሐሴ ሒሳቡ ይሰበሰባል፣ በመስከረም ኦዲተሩ ይገባል፤ የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋዮች የማሳወቂያ ጊዜ የሚያበቃው ጥቅምት 30 በመሆኑ ሪፖርቱ የሚፈረመው በጥቅምት መጨረሻ ግድም ነው፤ የሚዘገይም ብዙ ነው። አሁን ወደ ባንኩ እንሂድ። ባንኩ የድርጅቱን ሒሳብ በየቀኑ ያያል። የኦቨርድራፍቱ (ካለው ገንዘብ በላይ እስከ ተወሰነ ጣሪያ እንዲያወጣ የተፈቀደለት ብድር) ሒሳብ ገቢና ወጪ ማድረጉን ትቶ ከጣሪያው ሥር ተጣብቆ ከቀረ ከየካቲት ጀምሮ ያውቀዋል። ቼክ ደረቅ ሆኖ ሲመለስ የሚመልሰው ራሱ ነው። የብድር ክፍያ 90 ቀን ሲያልፈው ብድሩን ከተበላሸ ብድር ተራ የሚመድበው ራሱ ነው፤ ደንበኛው ሌላ ባንክ ቢሄድም የብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ይከተለዋል። በጥቅምት መጨረሻ የተፈረመ አንቀጽ በሚያዝያ ለቆመ ክፍያ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የአቅራቢውም ነገር እንደዚሁ ነው። ስታንዳርድ 570 ኦዲተሩ እንዲያያቸው ከሚዘረዝራቸው ምልክቶች አንዱ አቅራቢዎች ከዱቤ ወደ እጅ በእጅ ክፍያ መሸጋገራቸው ነው። ጸሐፊው የማስጠንቀቂያው ውጤት ያደረጉት ነገር በስታንዳርዱ ላይ የማስጠንቀቂያው መነሻ ሆኖ ተጽፏል። የቅደም ተከተል ጉዳይ ቀላል አይደለም። ትኩሳት መለኪያው ከመገኘቱ በፊት ታማሚው ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ቤት ለሐራጅ ያቀርባል የሚለው የጽሑፉ ሐሳብም ከሕጉ ጋር አይገጥምም። ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ እንዲሸጡ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ሥልጣኑ የሚነሣው ብድሩ በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ሲሆን ባንኩም ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ክፍያው በጊዜው እየገባ ሳለ የኦዲተር አንቀጽ ብቻውን ቤት አያሸጥም።

ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍ የሚሞትስ? የእንግሊዙ የግንባታ ኩባንያ ካሪሊየን እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ካለ ምንም የቀጣይነት ማስጠንቀቂያ ንጹሕ ሪፖርት አገኘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ 845 ሚሊዮን ፓውንድ ከኮንትራቶቹ ዋጋ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በጃንዋሪ 2018 ሲፈርስ ወደ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳና 29 ሚሊዮን ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ነበር የቀረው። አንቀጹ አለመጻፉ አላዳነውም። ከሱ ዘንድ ሥራ የወሰዱ ብዙ አነስተኛ ተቋራጮች ግን በዱቤ ሲሠሩ ቆይተዋል። ኦዲተሩ ኬፒኤምጂ በ2023 በ21 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልመን። አንዳንድ የብድር ውሎች ላይ «የተበዳሪውን የፋይናንስ አቋም የሚያናጋ ሁኔታ ሲፈጠር ብድሩ በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል» የሚል አንቀጽ አለ፤ ጥንቃቄ የጎደለው ባንክ የኦዲተሩን ማስጠንቀቂያ እንደዚህ ዓይነት ሁኔታ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። መድኃኒቱ ግን ከብድር ውሉ ላይ ነው። ውሉ ሲፈረም «ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት የተሰጠበት የቀጣይነት ማስገንዘቢያ በራሱ የውል መጣስ አይደለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። ቀደም ብሎ የተፈረመ ውል ከሆነ ድርጅቱ ከባንኩ የይለፍ ደብዳቤ፣ ማለትም ባንኩ የውሉን መጣስ እንደሚያልፍ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ይጠይቅ፤ የደብዳቤው ቀን ግን ከሰኔ 30 በፊት ይሁን። ብዙ ፋይናንስ ኃላፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በመዝጊያው ቀን የውል ግዴታ ተጥሶ ከነበረ፣ ባንኩ በነሐሴ ይቅር ቢልም የአምስት ዓመቱ ብድር በሙሉ ወደ አጭር ጊዜ ዕዳ ይዛወራል። ያኔ የአጭር ጊዜ ዕዳው ከአጭር ጊዜ ሀብቱ በእጅጉ ይበልጥና በሁለት ወር መዘግየት ብቻ ያልነበረ የቀጣይነት ጥያቄ ይወለዳል።

«ትንበያው አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው»

በአሜሪካ ገበያ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጸሐፊው የጠቀሱትን ነገር ያረጋግጣሉ፤ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈባቸው ኩባንያዎች አብዛኞቹ በቀጣዩ ዓመት አይከስሩም። እነዚሁ ጥናቶች የሚሉት ሌላም ነገር አለ፤ ከከሰሩት ውስጥ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ቀድሞ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈባቸውም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሰጡት ትርጉም ኦዲተሮች አብዝተው ይጮኻሉ የሚል አይደለም፤ ክስረት እየመጣ ያልጮኹበት ጊዜ ብዙ ነው የሚል ነው።

ደግሞም አንቀጹ ትንበያ አይደለም። «ይዘጋል» አይልም፤ «መቀጠሉ ገና ባልተረጋገጡ በእነዚህ ነገሮች ላይ ተንጠልጥሏል» ነው የሚለው። የተንጠለጠለበት ነገር ከተያዘ ድርጅቱ ይቀጥላል፤ ያ ደግሞ የማስጠንቀቂያው ስኬት እንጂ ውድቀት አይደለም። ከጎረቤታችን ምሳሌ እንውሰድ። የኬንያ አየር መንገድ ኦዲተሮች በበርካታ ዓመታት ስለ ቀጣይነቱ ጽፈዋል። ባንኩ ሲያነበው አየር መንገዱ አልወደቀም፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2017 አበዳሪ ባንኮቹና መንግሥት ዕዳቸውን ወደ አክሲዮን ለወጡለት። በ2024 ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የመጀመሪያውን የሙሉ ዓመት ትርፍ፣ 5.4 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ገደማ፣ አገኘ። በ2025 አጋማሽ ተመልሶ ኪሳራ አሳይቷል፤ መንገዱ ገና ቀና አልሆነም። ግን ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ወዲህ ይኸው ሲበር ከርሟል።

ጄኔራል ሞተርስም አለ። ኦዲተሩ ዴሎይት እ.ኤ.አ. በማርች 2009 ጥርጣሬውን ጻፈ፣ ኩባንያው ጁን 1 ቀን የክስረት ከለላ ጠየቀ፣ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወር አክሲዮኑ ተመልሶ ገበያ ላይ ዋለ። የመኪና ገበያው የተሰባበረው በ2008 መሆኑን እያወቀ አንቀጹ ገደለው የሚል የለም።

«በዚህ ዘመን እርግጠኛ የለም፤ ስለዚህ ይታገድ»

ከሁሉ ነጥቦች ይህ አሳሳቢው ነው፤ ምክንያታዊ ስለሚመስል በቀላሉ ተቀባይ ያገኛል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ አብዛኛው ድርጅት ሒሳቡን ከዘጋ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ያንን ሦስት ሳምንት በቁጥር እንየው።

እንበል አንድ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ አስመጪ ለውጭ አቅራቢው 400,000 ዶላር የዱቤ ዕዳ አለበት። ሰኔ 30 ቀን 2016 ላይ ዶላሩን በ57 ብር ሒሳብ ሲያሰላው ዕዳው 22.8 ሚሊዮን ብር ነው። ካፒታሉና ያልተከፋፈለ ትርፉ ተደምሮ 18 ሚሊዮን ብር። ንጹሕ፣ ጤነኛ የሚመስል ድርጅት። ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በ110 ብር ብናሰላው ያው ዕዳ 44 ሚሊዮን ብር ሆነ። ልዩነቱ 21.2 ሚሊዮን ነው፤ 18 ሚሊዮኑን ጠቅላላ በልቶ 3.2 ሚሊዮን ከዜሮ በታች ያወርደዋል።

አሁን የሒሳብ ሕጉን እንመልከት። ከመዝጊያው ቀን በኋላ የተፈጠረ የምንዛሪ ለውጥ የሰኔ 30ን ቁጥር አያስተካክልም፤ በሀብትና ዕዳ ሚዛኑ ላይ ዕዳው 22.8 ሚሊዮን ብር ሆኖ ይቀራል። ለውጡ የሚታየው በማብራሪያ ላይ ብቻ ነው። የቀጣይነት ምርመራ ግን እስከ ፊርማው ቀን ድረስ የታወቀውን ሁሉ ያካትታል። ስለዚህ በጥቅምት 2017 የወጣ ሪፖርት ላይ ለአንባቢው «ይህ ሚዛን ያለፈበት ነው» ብሎ ሊነግረው የሚችለው ማብራሪያውና ወደ ማብራሪያው የሚያመለክተው የቀጣይነት አንቀጽ ብቻ ነበሩ። ጸሐፊው እንዲታገድ የሚጠይቁት፣ ቁጥሮቹ እውነቱን መናገር ባልቻሉበት ዓመት የቀረውን ብቸኛ ድምፅ ነው።

ይህ ማለት ግን የዶላር ዕዳ ያለበት ሁሉ ይጻፍበት ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ኦዲተሮች ሁሉንም በአንድ ብዕር ይቀባሉ ሲሉ የፈሩት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ያው 400,000 ዶላር ያለበትን አስመጪ በሁለት መልኩ እንየው። የመጀመሪያው ዕቃውን ገና አልሸጠም፤ በመጋዘኑ 20 ሚሊዮን ብር የወጣበት ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ አለው። የገበያ ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ስለጨመረ 42 ሚሊዮን ብር ያወጣለታል፤ በእጁ 5 ሚሊዮን አለ፤ አቅራቢው ደግሞ ክፍያውን በሦስት ጊዜ ሊቀበል በጽሑፍ ተስማምቶለታል። የሽያጭ ፍጥነቱ ካለፈው ዓመት ጋር ከተመሳከረ በኋላ ጉልህ አለመረጋገጥ የለም ሊባል ይችላል፣ ካፒታሉ ቀይ ቢሆንም። ሁለተኛው ዕቃውን በግንቦት በድሮው ዋጋ ሸጦ ገንዘቡን ያላለቀ ፎቅ ላይ አፍስሶታል። ዕዳቸው እኩል ነው፣ ሱቃቸውም ጎን ለጎን ሊሆን ይችላል፤ የሁለተኛው ግን ሊጻፍበት ይገባል። ቡና ላኪውማ በዚያው ሰሞን ገቢው በብር ወደ እጥፍ ተጠግቶለታል። የአገሪቱ ሁኔታ አንድ ነው፤ በየድርጅቱ ሒሳብ ላይ የሚያርፈው ግን የተለያየ ነው፤ ኦዲተር የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

በፒያሳና በካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ቦታቸውን ስለለቀቁ ንግዶችም መልሱ ያው ነው። ስድስት ሱቅ ያለው አንዱን ቢያጣ ኪራይና ሽያጭ ቀንሶ ትንበያውን ያስተካክላል። አንድ ብቻ የነበረው፣ ደንበኛውም የሰፈሩ ሰው የነበረ ምግብ ቤት ግን አዲሱ ቦታ ሥራ እስኪጀምር ስንት ወር ደመወዝና ኪራይ ከየት እንደሚከፍል ማሳየት አለበት።

በኮቪድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ መላው ዓለም እርግጠኝነት ባጣበት ወቅት እንኳ ስታንዳርዱ አልታገደም። ተቆጣጣሪዎች ያደረጉት ምርመራው እንዴት እንደሚሠራና ማብራሪያው እንዴት እንደሚጻፍ መመሪያ ማውጣት ነበር።

«በምስጢር ይነገር»

በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ቦርዱ እንዲያውቅ ስታንዳርዱም ያዛል፤ ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ለባንኩ ብቻ ሹክ ማለት ግን ኦዲተሩ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታውን መጣስ ነው፤ ከዚያም የከፋው ፍትሐዊ አለመሆኑ ነው። ባንኩ ቀድሞውንም መያዣ ይዟል። መያዣ የሌለው በዱቤ የሚያቀርበው አነስተኛ ነጋዴ፣ የሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ሠራተኛ፣ ከትንሽ ቁጠባው አክሲዮን የሚገዛው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል፤ አክሲዮን በገበያ በሚሸጥበት አገር ለአንዱ በሹክሹክታ የተነገረ ስጋት ሌላውን ለኪሳራ አሳልፎ መስጠት ነው።

የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ዕዳ መክፈል ያላቆመ ነገር ግን ሊያቆም የተቃረበ ነጋዴ ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን መልሶ የሚያዋቅርበትን ሥርዓት አምጥቷል። ይህ በር የሚያገለግለው ክፍያ ከመቆሙ በፊት ለደረሰ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ በምስጢር የቆየ ድርጅት ወደዚህ በር የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ነው።

«ራሳቸውን ለመከላከል ነው የሚጽፉት»

ይህ ከጽሑፉ ውስጥ ኦዲተሮች በጸጥታ ሊያልፉት የማይገባ ነጥብ ነው፤ ክፍሉ እውነት ነውና። ካለፈው ዓመት ሪፖርት ተገልብጦ፣ ቁጥሩ እንኳ ሳይቀየር የሚገባ አንቀጽ አለ። በጥቅምት 28 ማታ ለሥራ አስኪያጁ ተነግሮት በ30 የሚፈረም አለ። ሁለቱም ጥፋት ናቸው። ልዩነቱ በአጻጻፉ ላይ ይታያል። ደካማው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ድርጅቱ ኪሳራ ያስመዘገበ በመሆኑ በቀጣይነቱ ላይ ጥርጣሬ አለ።»

ይህ ለማንም አይጠቅምም። ባንኩ ምን ቢያደርግ ነገሩ እንደሚስተካከል አይነግረውም፣ ባለቤቱም ምን ያህል ገንዘብ ማምጣት እንዳለበት አያውቅበትም። በትክክል የተጻፈው፣ ለምሳሌ ያህል፣ ይህን ይመስላል፦

«በማብራሪያ 27 እንደተገለጸው ድርጅቱ ሰኔ 30 ቀን 2017 በተጠናቀቀው ዓመት 11.4 ሚሊዮን ብር ኪሳራ አስመዝግቧል፤ በዚያው ቀን የአጭር ጊዜ ዕዳዎቹ ከአጭር ጊዜ ሀብቶቹ በ16.9 ሚሊዮን ብር ይበልጣሉ። እነዚህ ሁኔታዎች፣ በታኅሣሥ ወር ጊዜው የሚያበቃው የ5 ሚሊዮን ብር ኦቨርድራፍት መታደሱ ካለመረጋገጡ ጋር ተዳምረው፣ ድርጅቱ በሥራ ላይ የመቀጠል ዐቅሙን ከፍተኛ ጥርጣሬ ላይ ሊጥል የሚችል ጉልህ አለመረጋገጥ መኖሩን ያሳያሉ። አስተያየታችን በዚህ ጉዳይ ምክንያት አልተለወጠም።»

ይህን ያነበበ የብድር ኮሚቴ ጥያቄው የ5 ሚሊዮን ብር ኦቨርድራፍት መሆኑን ያያል። መልስ ሊሰጥበት የሚችል ጥያቄ ነው።

ማብራሪያ 27ን የሚጽፈው ግን ድርጅቱ ነው እንጂ ኦዲተሩ አይደለም፤ የሚጻፈውም የገንዘብ ፍሰት ትንበያ ካለ ነው። ሥራው መጀመር ያለበት በግንቦት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሳምንት፣ ለቀሩት ዘጠኝ በወር የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ይዘጋጅ። ትንበያ የሚወድቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ሽያጩ ካለ ምክንያት 30 በመቶ ያድጋል ተብሎ ይጻፋል። ከደንበኛ የተሰበሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደ ራስ ገንዘብ ይቆጠራል። የተጠራቀመ የሥራ ግብርና የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይረሳል፤ እነዚህ ካልተከፈሉ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) የለም፣ ክሊራንስ ከሌለ ፈቃድ አይታደስም፣ ጨረታም አይገባም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ ክፍያ በ30 ቀን ይገባል ተብሎ ይያዛል፣ ያለፈው ዓመት መዝገብ ግን 120 ቀን ያሳያል። ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚያደርገው ያለፈውን ዓመት ትንበያ ከተፈጸመው ጋር ማስተያየት ነው። ከዚያ ሽያጩን በ20 በመቶ ቀንሶ፣ ገቢውን በ45 ቀን አዘግይቶ፣ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ወር ስንት እንደሚጎድለው ያያል። ጉድለቱ በጥር 6 ሚሊዮን ከሆነ ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ያን 6 ሚሊዮን ማን ያመጣል?

አብዛኛው ጊዜ መልሱ የባለአክሲዮኖች የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚወድቀውም እሱ ነው። «አስፈላጊውን ድጋፍ ሁሉ እናደርጋለን» የሚል ደብዳቤ ማስረጃ አይሆንም። የሚጠቅመው መጠኑን በብር የሚናገር፣ ከፊርማው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 12 ወር የሚዘልቅ፣ ለድርጅቱ ቀድሞ የተበደሩትን በዚህ ጊዜ ውስጥ እንደማይጠይቁ የሚገልጽ፣ በቃለ ጉባኤ የጸደቀና ሰጪው ዐቅም እንዳለው የሚያሳይ አባሪ ያለው ነው። አባሪው የባንክ ሒሳብ መግለጫ ወይም ከዕዳና እገዳ ነፃ የሆነ የቤት ካርታ ሊሆን ይችላል። ካርታው ለባንኩ አስቀድሞ በመያዣነት የተሰጠው ያው ቤት ከሆነ ዋጋ የለውም። የባንክ ደብዳቤም እንደዚሁ ነው፤ «ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው» የሚለው አይቆጠርም፣ የተፈረመ የማራዘሚያ ውል ይቆጠራል። የብድር ኮሚቴ ደግሞ በጥቅምት 28 ተጠይቆ በ30 አይወስንም።

ጸሐፊው ያነሡት የጅምላ መገለል ስጋት ላይ ግን አንድ ለውጥ እየመጣ ነው። የተሻሻለው ስታንዳርድ 570 ከዲሴምበር 15 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት ሥራ ላይ ይውላል። በእሱ መሠረት ጤነኛውም ድርጅት በኦዲት ሪፖርቱ ላይ ስለ ቀጣይነት የራሱ ክፍል ይኖረዋል፤ ርዕሱን ማየት ብቻውን ማስደንገጡ ይቀራል። በሐምሌ ለሚጀምር የኛ ሒሳብ ዓመት ይህ የሚያገኘን ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ነው። የሚታየው ጊዜም ይረዝማል፤ 12ቱ ወር የሚቆጠረው ከመዝጊያው ቀን ሳይሆን ሒሳቡ ከሚጸድቅበት ቀን ነው። ሰኔ 30 ቀን 2020 ተዘግቶ በጥቅምት 2021 የሚጸድቅ ሒሳብ ትንበያው እስከ ጥቅምት 2022 መድረስ አለበት። እስካሁን በጀታቸውን በሰኔ የሚያቆሙ ድርጅቶች አራት ወር ይጎድላቸዋል፤ ያን አራት ወር የሚሞላውን ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው ከአሁኑ ይመድቡ።